ዓምድ ሰባት ምን ነበር?

የሰፈራችን እድር 312 አባላት አሉት። ጸሐፊው መዝገቡን ለዓመታት በወፍራም ደብተር ይዘውት ኖሩ፤ ዓይናቸው ሲደክም ልጃቸው ወደ ኤክሴል ገለበጠላቸው፤ ፋይሉም ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ ደረሰ። «አንተ ኮምፒውተር አዋቂ ነህ፤ ማን ውዝፍ እንዳለበት ብቻ አውጣልን» ነበር ያሉኝ። የአንድ ቅዳሜ ሥራ መስሎኝ እሺ አልኩ።

የመጀመሪያው ፕሮግራሜ የችኮላ ሥራ ነበር። ፋይሉን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አነበብኩ፤ እያንዳንዱ ረድፍ ተራ ዝርዝር ሆነ፤ አባሉ በጠቅላላ የከፈለውን ብር ለማግኘት ረድፍ[7]፣ ማለትም «የረድፉ ዓምድ 7»፣ ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩን ከየት አመጣኸው ብትሉኝ በጣቴ ቆጥሬ ነው፤ ያውም ፓይተን ከዜሮ ስለሚጀምር ሁለት ጊዜ ተሳስቼ። በሳምንቱ ጸሐፊው ከስም ቀጥሎ «የትዳር ጓደኛ» የሚል ዓምድ ጣልቃ አስገቡ። ሌላው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ተገፋና ረድፍ[7] ላይ የቤት ቁጥር ተቀመጠ። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ቢቆም ኖሮ በታደልኩ! አልቆመም። የቤት ቁጥራቸው 1204 የሆነ እናት 1204 ብር እንደከፈሉ ቆጥሮ ከውዝፍ ነጻ አወጣቸው።

ወደ ክላስ (የአንድን ነገር መረጃና በመረጃው ላይ የሚሠራውን ሥራ አብሮ ወደሚይዝ የፕሮግራም ንድፍ) የዞርኩት ያን ጊዜ ነው። «መዝገብ» የሚባለው ክላስ ሠንጠረዡን በሙሉ፣ «አባል» የሚባለው ደግሞ አንዱን ረድፍ እንዲወክል አደረግኩ፤ ዓምዶቹም በቁጥር መጠራታቸው ቀርቶ በራስጌያቸው ስም መነበብ ጀመሩ። ፓይተን 3 ስሞችን በፊደላችን መጻፍ ስለሚፈቅድ አባል.ስልክ፣ አባል.ዕዳ እያልኩ ቀጠልኩ። ኮዱን ለጸሐፊው ሳሳያቸው መነጽራቸውን አስተካክለው «ይኼማ አማርኛ ነው» አሉ። በጣም ኮራሁ። ኩራቱ ግን ሁለት ሳምንት አልቆየም።

አንዲት አባል ዕዳዋን ጨርሳ ከፍላ ሳለ ስሟ ከውዝፍ ዝርዝሩ አልወርድ አለ። ኮዱን ደጋግሜ አነበብኩት፤ አባል.እዳ = 0 ይላል። ምን ጎደለው? ለሰው ዓይን ምንም። ክላሱ ውስጥ የጻፍኩት ግን በዐይኑ «ዕ» ሲሆን፣ እዚህ ላይ እጄ በአልፉ «እ» ጽፏል። ለፓይተን ሁለቱ የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። ሲያጣውም አይቆጣም፤ «እዳ» የሚል አዲስ መደብ ይከፍትና ዜሮውን እዚያ አስቀምጦ ዝም ይላል። እውነተኛው ዕዳ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። መፍትሔው ስሎትስ የሚባለው ዘዴ ነበር፤ ክላሱ የሚቀበላቸውን ስሞች አስቀድሞ ይቆልፋል፣ ከዚያ ውጭ ያለ ስም ሲጻፍ ፕሮግራሙ እዚያው ላይ ይጮኻል።

ነገሩን ሳሰላስለው ግን ጥፋቱ ከፊደሉ ይልቅ የእኔ ነበር። ዕዳን ዜሮ የማድረግ ሥልጣን ለማንኛውም መስመር ኮድ የሰጠ ማን ነው? ኤክሴሉ 19 ዓምዶች ነበሩት፤ እኔም ለሁሉም ማንበቢያና መጻፊያ አበጅቼ ክላስ ሠራሁ ብዬ ነበር። የሠራሁት ክላስ ሳይሆን ክላስ የለበሰ ኤክሴል ነው። ዕዳ ከመዋጮ፣ ከቅጣትና ከክፍያ ተሰልቶ የሚወጣ እንጂ ራሱን ችሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። አሁን አባል.ዕዳ ይነበባል፣ አይጻፍም፤ የሚቀንሰው አባል.ክፍያ_መዝግብ(200) ሲባል ብቻ ነው። ከ19ኙ ዓምዶች ለውጭ ኮድ የሚታዩት ስድስት ቀሩ። የቀሩትን የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም።

የከፋው ስህተት ከዚህ በኋላ መጣ። መጀመሪያ ላይ አባል የረድፉን ቅጂ ይይዝ ስለነበር ቅጂውን ሳስተካክል ሠንጠረዡ አይሰማም ነበር። ስለዚህ ቅጂውን ትቼ አባል የረድፉን ተራ ቁጥር ብቻ እንዲይዝ፣ ንባቡም ጽሕፈቱም በቀጥታ ወደ ሠንጠረዡ እንዲሄድ አደረግኩ። ብልኅ መሰለኝ። በወሩ የስብሰባ እሑድ ገንዘብ ያዡ የአንዲት እናትን ገጽ ከፍተው ብሩን ሲቀበሉ፣ ሌላ ሰው ስሙን እንዲፈልጉለት ጠየቃቸው፤ ዝርዝሩን በፊደል ተራ ደረደሩት፣ ከዚያ ወደ ቀድሞው ገጽ ተመልሰው «መዝግብ» የሚለውን ተጫኑ። የእናትየው ኦብጀክት (ከ«አባል» ክላስ ለእርሳቸው የተሠራው) አሁንም ረድፍ 84ን ይዟል። ረድፍ 84 ላይ ግን ሌላ ሰው ተቀምጧል። በሚቀጥለው ወር እናትየው ደረሰኛቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው «ልጄ፣ ከፍያለሁ እኮ፤ ይኸው» ሲሉኝ የምገባበት ጠፋኝ።

ኤድጋር ኮድ የተባለው የኮምፒውተር ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1970 የሠንጠረዥን ንድፈ ሐሳብ ሲያቀርብ የረድፎች ቅደም ተከተል ትርጉም እንደሌለው፣ አንድ ረድፍ የሚለየውም በቁልፉ፣ ማለትም ለእርሱ ብቻ በሆነ መለያ፣ እንደሆነ ጽፎ ነበር። ትምህርት ቤት ተምሬው ፈተናም አልፌበታለሁ። ለማመን ግን የእናትየው ደረሰኝ አስፈለገኝ።

ታዲያ ቁልፉ ምን ይሁን? ስም አይሆንም፤ እዚሁ እድር ውስጥ ፀሐይ፣ ጸሐይ እና ፀሀይ አሉ፣ ሁለቱ ደግሞ አንድ ሰው ናቸው። ስልክ አይሆንም፤ ሰው ይቀይረዋል፣ ኤክሴልም 09 ብሎ የሚጀምረውን ተራ ቁጥር ነው ብሎ ዜሮውን ይቆርጠዋል። የቀረው በደብተሩ ዘመን ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ሰው የሰጡት የአባልነት ቁጥር ነው። እርሱንም በጽሑፍነት ያዝኩት፣ «0147» እንደሆነ እንዲቆይ። አባል አሁን የሚይዘው ይህን ቁጥር ብቻ ነው፤ የት ረድፍ ላይ እንዳለ የሚያውቀው መዝገብ ነው። ዝርዝሩ ቢደረደርም ቢገለበጥም ግድ የለውም።

ስለ ቀን ደግሞ ባጭሩ። የክፍያ ቀኑ ዓምድ ገሚሱ ቀን፣ ገሚሱ ጽሑፍ ነበር። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነውና የካቲት 30ን በ30/06 ሲጽፉለት ጁን 30 ነው ብሎ ይቀበላል፤ ጥቅምት 30ን በ30/02 ሲጽፉለት ግን ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ዓመት፣ ወርና ቀንን ለየብቻ የሚይዝ፣ ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን እንዳላት የሚያውቅ ትንሽ ክላስ ጻፍኩ። 40 መስመር አይሞላም፤ ከሁሉም የምወደው እርሱን ነው።

ባለፈው ሰሞን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጸሐፊው ደወሉ። «መዝገቡ አልከፈት አለ፤ ስልክ የሚባል ዓምድ የለም ይለኛል» አሉ። ራስጌውን «ስ.ቁ.» ብለው አሳጥረውት ኖሯል። ይቅርታ ሲጠይቁኝ እኔ ደስ ብሎኝ እስቅ ነበር፤ ምን እንዳሳቀኝ ለማስረዳት ግን ሰዓቱ መሽቶ ነበር።