ቶሎ የመርጨት ችግሬን በመድኃኒት ያከምኩበት መንገድ

ሐኪሙ መድኃኒት ከማዘዛቸው በፊት ብዙ ጠየቁኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው ወይስ በኋላ የመጣ? ብልትህ በደንብ ይቆማል? የታይሮይድ ወይም የፕሮስቴት ሕመም አለብህ? ከመጀመሪያው ግንኙነት ጀምሮ አብሮ የሚኖረው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በ1 ደቂቃ ገደማ ወይም ከዚያ በፊት የሚያስረጭ ነው፤ የእኔም ያ ነበር። በኋላ የመጣ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚታከመው ያመጣው ሕመም ነው። ለዚህ ነው ሳይመረመሩ ክኒን መግዛትን አጥብቄ የምቃወመው።

በቅባት ጀመርን። ሊዶኬይንና ፕሪሎኬይን ያለበት ማደንዘዣ ሲሆን፣ ከግንኙነት 20 ወይም 30 ደቂቃ በፊት ተቀብቶ፣ ግንኙነቱ ሳይጀመር በደንብ ይታጠባል፤ ካልታጠበ ሴቷንም ያደነዝዛል። ማዘግየቱንስ አዘገየኝ፣ ግን ስሜቴን አብሮ ወሰደው።

ቀጥሎ ያለው ምርጫ ዳፖክሴቲን የተባለ ክኒን ነበር። ከግንኙነት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቀድሞ፣ በሚያስፈልግበት ቀን ብቻ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ የሚዋጥ ነው፤ ከአልኮል ጋር አይወሰድም። አንዳንዱን ሰው ራሱን ሊያስት ስለሚችልና እኔም ብድግ ስል ጭው የሚለኝ በመሆኔ ሐኪሙ ተዉት። በየቀኑ የሚወሰደውን ፓሮክሴቲን በ10 ሚሊግራም ጀመሩልኝ። በመሠረቱ የድብርትና የጭንቀት መድኃኒት ነው። በነርቮች መካከል መልእክት የሚያስተላልፈውን ሴሮቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚጨምር መርጨትን ያዘገያል፤ ለዚህ ችግር የሚታዘዘውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ማቆሚያ የሌለው ማዛጋት። ጥቅሙ ገና ሳይታይ ጉዳቱ ቀድሞ ስለሚመጣ ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚጥለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሙሉ ውጤቱ 2 ወይም 3 ሳምንት ሊፈጅ እንደሚችል ቀድሞ ስለተነገረኝ ጸናሁ። ለባለቤቴም ክኒኑን ከመጀመሬ በፊት ሁሉንም ነግሬያት ስለነበር የወሲብ ፍላጎቴ ትንሽ ሲቀዘቅዝ በእሷ ላይ ስሜቴ የጠፋ አልመሰላትም። ማቅለሽለሹ እየለቀቀኝ ሲሄድ ለውጡ መጣ፤ አልጋ ላይ ሰዓት መቁጠር ቀረ። ለእኔ ከደቂቃዎቹ መርዘም ይልቅ ከዚያ ፍርሃት መላቀቁ ይበልጣል።

አንድ ወዳጄ ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ሞክር ብሎኝ ነበር። ሐኪሙ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ሱስ ያስይዛል፤ ከፓሮክሴቲን ጋር ሲደረብ ደግሞ ሴሮቶኒንን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። እባካችሁ፣ የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪማችሁ ተናገሩ።

አሁን ልጅ መውለድ አስበናል። ፓሮክሴቲን የወንድ ዘርን (ስፐርም) ጥራት ሊጎዳ ስለሚችል ለማቆም ተስማማን። በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ማዞርና መነጫነጭ ስለሚያመጣ መጠኑን በሐኪሙ ክትትል ቀስ በቀስ እየቀነስኩ ነው። መድኃኒቱ ሲቀር ችግሩ የመመለስ ጠባይ አለው፤ ጥቂቱም ተመልሷል። ስለዚህ ሊመጣ ሲል ቆም ብሎ፣ ስሜቱ ሲበርድ እንደገና የመቀጠሉን ልምምድ ከባለቤቴ ጋር ጀምረናል።