ደብተር ዘግቶ ማጥናት፦ ኮምቦልቻ እየሠራሁ ደሴ እንዴት እንደተማርኩ

በዲፕሎማ ነርስነት ኮምቦልቻ እየሠራሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ደሴ ወጥቼ ዲግሪዬን እማር ነበር። የሚጠናው ብዙ ነው፤ ጊዜዬን ደግሞ ተረኝነት ይበላዋል። የሚተርፈኝ የሚኒባሱ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም ሐረጎ ነው። እዚያ ጠመዝማዛ ላይ ደብተር ከፍቶ ማንበብ የሞከረ ያውቀዋል፣ ሁለት መታጠፊያ ሳያልፍ ያጥወለውላል። ስለዚህ መናኸሪያ ሰው እስኪሞላ አንድ ገጽ አነብና፣ መኪናው ሲነሳ ደብተሩን ዘግቼ በመስኮት እያየሁ ያነበብኩትን በልቤ እወጣዋለሁ። “የልብ ድካም ምልክቶች... እግር ያብጣል፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራል... ሌላስ?” ዋናው ሥራ ያ “ሌላስ?” ነው። የጠፋኝን ደሴ ስወርድ ቆሜ አየዋለሁ።

ልዩነቱን ያየሁት ፈተና ላይ ነው። ማታ ተረኛ ሆኜ አስምሬ፣ ደጋግሜ ያነበብኩት ገጽ ቀለሙ ሳይቀር ይታየኛል፣ ውስጡ ያለው ግን አይመጣም። ሐረጎ ላይ እየተጨነቅሁ ያወጣሁት ግን ይመጣል።

ኋላ ሳነብ ነገሩ የተጠና ሆኖ አገኘሁት። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ በ4 ዙር አነበበ። ሌላው በ1 ዙር አንብቦ 3 ጊዜ ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ አንባቢዎቹ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ 40 ከመቶ ያህሉን፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 ከመቶ ያህሉን አስታወሱ። ለእኔ ጉዱ ያለው 5 ደቂቃው ላይ ነው። ደብተሩን እንደዘጋን “ገብቶኛል” የምንለው በዚያች ሰዓት ስለሆነ፣ ደጋግሞ ማንበብ የሚሠራ ይመስለናል።

አጎቴ በልጅነቱ ደረሳ፣ ማለትም የቁርአን ተማሪ፣ ሆኖ የቀራ ሰው ነው። ይህን ስነግረው ሳቀብኝ፤ የቆየውን መከለስ እነሱ “ሙራጀዓ” ይሉታል፣ የሚጽፉበትን የእንጨት ሰሌዳ ደግሞ “ሎሃ”። “ሙራጀዓ ነዋ! የትናንቱንና የትናንት በስቲያውን በቃላችን ሳናወጣ እኮ ሸሃችን አዲስ አያስቀሩንም፣ ሎሃችንንም አናጥብም። አብሽሪ ልጄ፣ አሁን ገና ደረሳ ሆንሽ” አለኝ። አዲስ ከመጀመሬ በፊት የቆየውን ማስቀደም ከእሱ የወሰድኩት ነው። ብቻ አንድ ነገር አልገጠመልኝም። ቁርአን በተርታ ይወጣል፣ አንዱ አንቀጽ ቀጣዩን ይስበዋል። የእኛ ፈተና ግን ከልብ ወደ ኩላሊት፣ ከኩላሊት ወደ ወሊድ ይዘላል።

ለዚህ የብስኩት ካርቶን ቆራርጬ ካርድ ሠራሁ፤ ፊቱ ላይ ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ መልስ። የጫማ ካርቶን ሦስት ቦታ ከፈልኩ። የመለስኩት ካርድ ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል፣ ያቃተኝ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያውን በየቀኑ፣ መካከለኛውን በሁለት ሦስት ቀን፣ የመጨረሻውን በሳምንት አያለሁ፤ ሁልጊዜም በውዜ። ሳጥኑን ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው ነው። ሰው ቶሎ የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሆነ ደግሞ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1885 ጽፎታል።

ካርዱ ላይ ምን እንደሚጻፍ መምረጥ ራሱ ጥናት ነው። መድኃኒቶችን አንድ በአንድ መጻፍ ስጀምር ካርቶኑ ሞላ። ከዚያ በቤተሰብ አደረግኳቸው። ኢናላፕሪል፣ ካፕቶፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፦ መጨረሻቸው “ፕሪል” የሆነ ሁሉ ግፊት ያወርዳል፣ ደረቅ ሳል ያመጣል፣ ፖታሲየም ከፍ ያደርጋል፣ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል፦ “ኦሎል” የልብ ምት ያዘገያል፣ አስም ላለበት ያሰጋል። ሁለት ካርድ ብዙ ገጽ ተካ።

የስልክ ጌሙንም አልተውኩም ነበር፤ “አእምሮ ያሰለጥናል” ተብዬ ጭኜዋለሁ። ጌሙ ላይ ጎበዝ ሆንኩ፣ ፋርማኮሎጂ ላይ ምንም አልጨመረልኝም። ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ከ11 ሺህ በላይ ሰዎችን ለ6 ሳምንት እንዲህ ዓይነት ልምምድ አሠርቶ ያገኘው ይኸው ነው። ሰዎቹ በተለማመዱት ነገር ተሻሻሉ፣ ወደ ሌላ ችሎታ ግን አልተሻገረላቸውም። ሉሞሲቲ የተባለው ጌም ባለቤት ድርጅትም ማስታወቂያው አሳሳች ነው ተብሎ በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። መጫወት ለፈለገ ይጫወት፤ የጥናት ሰዓት ብሎ ባይቆጥረው ነው።

ጫትን ሳላነሳ ባልፍ ወሎዬ አይደለሁም። በፈተና ሰሞን በርጫ ይዞ የሚያድር ሞልቷል። ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር እንቅልፍ ያባርራል፣ አልክድም። ግን ምርቃና ላይ ሁሉም ነገር የገባ ይመስላል፣ እንቅልፍ ደግሞ ቀን የተማርነው የሚረጋበት ሰዓት ነው። እኔ አዳር ወጥቼ ስገባ መጀመሪያ እተኛለሁ፤ ካርዶቹ ከዚያ በኋላ። ቡናዬን ግን ማንም አይነካብኝ፣ በረካውንም ጭምር፤ ብቻ ከቀትር በፊት ይሁንልኝ።

ሳጥኑ እጅ የሰጠው የስሌት ጥያቄ ላይ ነው። በደም ሥር ለሚሰጥ ፈሳሽ “1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት፣ በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ?” ብዬ ጻፍኩና ጀርባው ላይ 42 አልኩ። በሳምንቱ ጥያቄውን ሳልጨርስ “42” እላለሁ፤ ሳላሰላ! ካርዱን ቀድጄ ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ አብራኝ የምታድረው ልጅ ማታ ማታ ቁጥር እየቀያየረች ትሰጠኛለች፤ “እሺ እታለም፣ 500 በ6 ሰዓትስ?” ትላለች፣ እኔም እስክሪብቶ ይዤ ከዜሮ እጀምራለሁ።