ቪዮላው ዝም ሲል ትዝታው ምን ይሆናል?

ቪዮላን፣ ከቫዮሊን ዝቅ ያለ ድምፅ ያለውን የደጋን መሣሪያ፣ «ትልቁ ቫዮሊን» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ድሬዳዋም ሆነ ሐረር አነስተኛ የክር መሣሪያ ቡድን ሲቋቋም መጀመሪያ የሚፈለገው ቫዮሊን ነው፤ ከዚያ ወፍራም ድምፅ ያለው ቼሎ። ቪዮላ «ከተገኘ» ይባላል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው።

ትዝታን ለኦርኬስትራ ስታቀናብሩ ጉዳዩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዶ የሚነሣ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ በማይነሩ ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። ከሁሉ ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው ኮንትራባስ (ባስ) እና ቼሎ ዶን ይዘዋል እንበል፤ ሁለተኛው ቫዮሊን ሶልን፣ አንደኛው ላይኛውን ዶ። መካከል ላይ ያለችው ሚ የቪዮላ ድርሻ ናት። ቪዮላውን ዝም አሰኙት፦ የቀረው ዶና ሶል ብቻ ነው፤ ዜማው እስኪገባ ድረስ ትዝታው ሜጀር ይሁን ማይነር የሚያውቅ የለም። ሚዋ ትንሽ ከተንሻፈፈች ደግሞ ቡድኑ ሁሉ ቅኝቱ የጠፋበት ይመስላል፤ ጥፋቱም ቫዮሊኖቹ ላይ ይላከካል። ስለዚህ ልምምድ ላይ መጀመሪያ ባስና ቪዮላ ብቻ ይጫወቱ፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ሌላው ይጨመር።

የቪዮላ ክሮች ከታች ወደ ላይ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ ናቸው፤ የቫዮሊን ታችኛው ክር ሶል ስለሆነ ቪዮላው ከሱ በአምስት የኖታ ደረጃ (ሶል፣ ፋ፣ ሚ፣ ሬ፣ ዶ) ዝቅ ይላል። የቫዮሊን አካል 35.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ለዚህ ዝቅታ በልኩ ይሠራ ቢባል የቪዮላው 53 ሊደርስ ነው። ያን ትከሻ ላይ አድርጎ የሚጫወት ክንድ የለም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከ38 እስከ 43 ሳንቲ ሜትር ይሠራል። ያ ጠቆር ያለ፣ ጉሮሮ ያለው የሚመስል ድምፁ የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ የዶው ክር ዘግይቶ የሚነሣውም እንዲሁ።

ከቫዮሊን የሚዛወር ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ደጋኑን እንደለመደው ቀለል አድርጎ በፍጥነት ሲስብ የዶው ክር ያፏጫል እንጂ አይናገርም። የቪዮላ ደጋን 70 ግራም ገደማ ነው፤ ከቫዮሊኑ በ10 ግራም ያህል ይከብዳል። ክብደቱን ክሩ ላይ አሳርፉት፣ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ፣ ክሮቹን ደግፎ ወደያዘው ብርኩማ ጠጋ በሉ። ኖታውም ይለያል፦ በቪዮላ ኖታ ከአምስቱ መስመሮች መካከለኛው ዶ ነው፤ የቫዮሊን ዓይን ግን ሲ አድርጎ ያነበዋል።

ሦስት ሦስት እየተቆጠረ በሚሄደው የቫልስ ምት ባሱ አንድን ይመታል፤ ቪዮላና ሁለተኛ ቫዮሊን ሁለትና ሦስትን ይመልሳሉ። የተለመደው ጥፋት መጎተት ነው፤ ተጫዋቹ ባሱን ሰምቶ ለመግባት ስለሚጠብቅ። ደጋኑ ምቱ ሳይደርስ ክሩ ላይ ይረፍ፤ ዓይን የባሱን ደጋን ይከተል፤ በደጋኑ ታችኛው ሲሶ በአጭሩ ይመታ።

ለ8 ቫዮሊን ቢያንስ 3 ቪዮላ ያስፈልጋል፤ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች እስከ 12 ያስቀምጣሉ። በቀኝ ጠርዝ ካስቀመጣችኋቸው የድምፅ ቀዳዳቸው ወደ መድረኩ ጀርባ ስለሚዞር ቁጥራቸው ጥቂት ከሆነ ወደ ውስጥ ማስገባት ይሻላል። ቪዮላ ጨርሶ ከታጣ ድርሻውን ለሦስተኛ ቫዮሊን ጻፉት፤ ከሶል በታች ያሉትን ድምፆች ግን አንድ ኦክታቭ (ከላይ እስካለው ተመሳሳይ ድምፅ) ከፍ ማድረግ ግድ ነው። መካከሉ ይሞላል፣ ጥልቀቱ ግን አይገኝም።

ድምቀት የለውም ለሚሉ፦ ሞዛርት በ1779 ለቫዮሊንና ለቪዮላ በጋራ በጻፈው ሲንፎኒያ ኮንቼርታንቴ የቪዮላውን ክሮች በግማሽ ድምፅ ከፍ አስደርጎ አስቃኝቷል፤ ከቫዮሊኑ እኩል እንዲያበራ። ጀርመናዊው አቀናባሪ ባሕም በስድስተኛው ብራንደንበርግ ኮንቼርቶ ቫዮሊን የሚባል አላስገባም፤ ላይኛውን ስፍራ የያዙት ሁለት ቪዮላዎች ናቸው።

የድሬ ደረቅ ሙቀት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መቃኛው ይንሸራተታል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል። በቆመ ባጃጅ ወይም መኪና ውስጥ አትተዉት። ቀዳዳ ባለው የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ እርጥብና በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅ አድርጋችሁ ሳጥኑ ውስጥ አኑሩ። ስትቃኙ መቃኛውን ወደ ውስጥ እየገፋችሁ አዙሩ፤ ሁልጊዜም ዝቅ ካለው ድምፅ ወደ ትክክለኛው ከፍ እያላችሁ ውጡ። ከሐረር በደንገጎ ቁልቁል ይዛችሁት ከወረዳችሁ፣ ሳጥኑን ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግታችሁ ካቆያችሁት በኋላ ቃኙት።