ለአንድ ፍሪጅ ሦስት ምልልስ

ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን በየቤቱ እየዞርኩ መጠገን ከጀመርኩ አሥራ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሱቅ የለኝም፤ ሱቄ መካኒሳ በምኖርበት ግቢ በር ላይ የምትቆመው አሮጌዋ ዲኤክስ ቶዮታ ነች። የጋዝ ሲሊንደሮቹ፣ የቫኩም ፓምፑ፣ የመበየጃ ዕቃውና የመለዋወጫ ሳጥኑ የሚጓዙት በእርሷ ባውሌ ውስጥ ስለሆነ፣ ለሌላው ነጋዴ የሱቅ ኪራይ የሆነው ወጪ ለእኔ ቤንዚን ነው። እዚህ የምጽፈው በጥር 2017 ያንን ወጪ በተሳሳተ ቦታና በተሳሳተ ሰዓት በአንዲት እናት ላይ ስለጫንኩበት ቀን ነው።

በዚያን ጊዜ የነበረውን ጭንቀት ለመረዳት ዋጋው የመጣበትን መንገድ ማስታወስ ያስፈልጋል። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት በጀመረበት በሐምሌ 2014 አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። ድጎማው ተለይቶ የቀጠለው ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች በመሆኑ፣ ኮድ 2 ሰሌዳ የለጠፈችው የእኔ መኪና የቤተሰብ እንጀራ ተሸክማ የምትውል ብትሆንም ከዚያ ውስጥ አልተቆጠረችም። በመስከረም 2016 ዋጋው 77 ብር ከ65 ሳንቲም ደረሰ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ፣ ነዳጃችን በሙሉ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባ እንደመሆኑ፣ ጭማሪው ፋታ የማይሰጥ ሆነ፤ በመስከረም 2017 91 ብር ከ14 ሳንቲም፣ በታኅሣሥ መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ተባለ። ከዋጋው ጋር ሰልፉም ነበር። ሁለት ሰዓት ተሰልፎ በቴሌብር ከፍሎ መውጣት እንደ ጥሩ ቀን የሚቆጠርባቸው ሳምንታት አሳልፈናል።

በሌላ በኩል ደንበኞቼ ከከተማው መሃል ወደ ዳር እየራቁ ሄዱ። ድሮ ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ቄራ አንድ ቀን ውስጥ አምስት ቤት እሠራ ነበር። አሁን ያው ደንበኛዬ የሚደውልልኝ ከየካ አባዶ፣ ከቦሌ አራብሳ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከኮዬ ፈጬ ነው። ሰው ቤት ሲቀይር የሚያምነውን ጠጋኝ ስልክ ይዞ ይሄዳል፤ ይህ ለእኔ ክብር ነው፤ መንገዱ ግን እየረዘመ ነው።

ያቺ እናትም ከእነዚህ አንዷ ናቸው። ፒያሳ ሳሉ ሁለት ጊዜ ሠርቼላቸዋለሁ፤ በኋላ ልጃቸው ኮንዶሚኒየም ደርሷት ኮዬ ፈጬ ገብተዋል። የደወሉት ሰኞ ጠዋት ነበር። «ልጄ፣ ፍሪጁ ድምፁ አለ፤ ቅዝቃዜው ግን ጠፍቷል» አሉኝ። «እሺ እማማ፣ ዛሬውኑ እመጣለሁ» አልኳቸው። የጠየቅሁት ጥያቄ አልነበረም። ይህን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የመጣው ነገር ሁሉ የተወለደው ከዚያ ዝምታ ነው።

ሄድኩ። ፍሪጁ ድሮ የማውቀው አይደለም፤ ልጃቸው የገዛችላቸው አዲስ ነው። ከኋላው አዙሬ በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳነብ የሚሠራው በአር 600 ኤ ጋዝ ነው፤ እኔ ይዤ የመጣሁት አር 134 ኤ ነው። ሁለቱ የማይተካኩ ጋዞች ናቸው፤ የመጀመሪያው ተቀጣጣይ በመሆኑ በትንሽ ግራም ተለክቶ በጥንቃቄ የሚሞላ፣ እሳት የማይጠጋው ነው። ጋዙ የሚያመልጥበትን ቦታ በሳሙና አረፋ ፈልጌ፣ ቀደም ሲል ሌላ ሰው ከገጠመው የመሙያ ቫልቭ ላይ እንደሆነ አረጋገጥኩና ባዶ እጄን ተመለስኩ። በማግስቱ ትክክለኛውን ጋዝ ይዤ መጣሁ፤ የቫልቩን ልብ ቀየርኩ፤ ውስጡ የቀረውን አየር በፓምፕ መጥጬ (ቫኩም አድርጌ) ጋዙን ሞላሁ፤ ፍሪጁ ቀዘቀዘ። በ2,800 ብር ተስማምተን ስለነበር ለክፍያው ነገ ልጃቸው እንደምትልክልኝ ነግረውኝ ተሰነባበትን።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ አሁን ደግሞ ጢቅ ጢቅ እያለ ይቆማል» አሉኝ። ድምፁን በስልክ ስሰማው ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ዕቃ፣ ሪሌው፣ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሰፈሩ ውስጥ ምሽት ላይ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ የመብራቱ ኃይል ይወርዳል፤ ሞተሩ ለመነሳት ይታገላል፤ ሪሌው ይቃጠላል። የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ይኖራቸው እንደሆነና ማታ ማታ አምፖሉ ይደበዝዝ እንደሆነ ሰኞ ዕለት ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ሪሌውን ይዤ እሄድ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ያውም ከሰልፍ በኋላ፣ እንደገና ኮዬ ፈጬ ነበርኩ።

ሂሳቡን በመንገድ ላይ በአእምሮዬ እሠራው ነበር። ከቤቴ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪናዬ በከተማ መንገድ አንድ ሊትር የሚያስኬዳት 9 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሦስቱ ምልልስ ወደ 17 ሊትር፣ ማለትም 1,690 ብር ያህል ቤንዚን በልቷል። ከ2,800 ብሩ ላይ 900 ለጋዝ፣ 350 ለሪሌ ሲወጣ ለድካሜ የቀረው 1,550 ብር ነበር። ሦስት ቀን ሠርቼ ከ140 ብር በላይ ከኪሴ አውጥቻለሁ። ይህ ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ እየተመላለሰ ነው ሪሌውን የቀየርኩት።

ሥራው ሲያልቅ፣ ዕቃዬን ሰብስቤ ቆሜ፣ «እማማ፣ ቤንዚን በጣም ስለጨመረ ስድስት መቶ ብር ይጨምሩልኝ» አልኳቸው።

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ፣ «አስቀድመህ ብትነግረኝ ለልጄ ነግሬ አዘጋጅ ነበር» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። የመቶ ብር ኖቶቹን አንድ በአንድ ቆጥረው ሲሰጡኝ፣ ከፍሪጁ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ በውኃ በራሰ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ሣጥን አየሁ። ለካ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ኢንሱሊናቸውን ሁለት ቀን ጎረቤት ፍሪጅ አቆይተውት አሁን ሊመልሱት አምጥተውታል። ይህንንም አልጠየቅሁም ነበር። ገንዘቡን ግን ተቀበልኩ፤ ሂሳቡ ትክክል መስሎኝ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ከዚያ ብሎክ የሚደውል ሰው ጠፋ። በፊት በወር ሦስትና አራት ሥራ ይመጣልኝ ነበር። መጋቢት ውስጥ እዚያው ሕንፃ ላይ የምትኖር አንዲት የድሮ ደንበኛዬ በሌላ ጉዳይ ስትደውል ምክንያቱን ጠየቅኳት። እማማ አንድም ክፉ ቃል እንዳልተናገሩብኝ ነገረችኝ። ሰው ሲጠይቃቸው የሚሉት ይህን ብቻ ነበር፦ «ሥራው ጥሩ ነው፤ ስንት እንደሚያስከፍል ግን የምታውቂው ሲጨርስ ነው።»

ያን ማታ የሥራ ደብተሬን ከፍቼ የጥርን ወር ቆጠርኩ። 41 ጊዜ ወጥቻለሁ። ከእነዚህ ውስጥ 17ቱ ለአንድ ሥራ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ጊዜ የተደረጉ ጉዞዎች ናቸው፤ ወይ መለዋወጫ ስላልያዝኩ፣ ወይ ዓይነቱን ስላልጠየቅሁ፣ ወይ ባለቤቱ ቤት ስላልነበረ። የሊትሩ ዋጋ ከእኔ አቅም ውጭ ነው፤ እነዚህ 17 ጉዞዎች ግን የእኔ ናቸው። ቤንዚን 47 ብር ሳለም እባክን ነበር፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ስለነበር ብክነቱ አልታየኝም እንጂ። ይህን ስገነዘብ ከእማማ የተቀበልኩት ስድስት መቶ ብር የነዳጅ ጭማሪ ሳይሆን የእኔ አለመጠየቅ ቅጣት መሆኑ ገባኝ፤ የከፈሉት ደግሞ እርሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ቀይሬያለሁ። ደንበኛ ሲደውል ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት በሞተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም እንዲልክልኝ እጠይቃለሁ፤ ስልክ የማይችሉ አረጋውያን ከሆኑ ልጅ ወይም ጎረቤት ያነሳላቸዋል። ሞተሩ ይሠራል ወይስ ዝም ብሏል፣ ጢቅ የሚል ድምፅ አለ ወይ፣ መብራቱ ማታ ይደበዝዛል ወይ፣ ስታቢላይዘር አለ ወይ፣ ፍሪጁ ውስጥ የሚቀመጥ መድኃኒት አለ ወይ እላለሁ። በእነዚህ ጥያቄዎች ብቻ ሳልንቀሳቀስ የተፈቱ ችግሮች አሉ፤ ሶኬቱ የላላ፣ የቅዝቃዜ ማስተካከያውን ሕፃን ዜሮ ላይ ያዞረው፣ የማጠቢያ ማሽኑ ማጣሪያ በሳንቲምና በክር የተደፈነ። ለእነዚህ ገንዘብ አልቀበልም። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ «እንጀራህን በስልክ ትበትናለህ» ይሉኛል፤ እኔ ግን 500 ብር ቤንዚን አቃጥዬ ሶኬት ሰክቼ ሰው ፊት ለክፍያ መቆም ከዚያ የሚከፋ ይመስለኛል።

ሰፈሮቹንም በቀን ከፋፈልኳቸው፤ ማክሰኞ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ፣ ሐሙስ አያትና የካ አባዶ፣ የቀሩት ቀናት በአቅራቢያዬ ያሉት ሳር ቤት፣ ቄራና ጀሞ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ደንበኛ አጥቻለሁ፤ ፍሪጁ የቆመበት ሰው እስከ ማክሰኞ ጠብቅ ሲባል አይወድም፤ አልፈርድበትም። ለዚህ ያገኘሁት መፍትሔ ያቅማማኝ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ለሚኖር አንድ የሙያ አጋሬ አስቸኳይ ሥራዎችን አስተላልፋለሁ፤ እርሱም የመካኒሳን አካባቢ ለእኔ ይሰጠኛል። ዓመታት ያፈራሁትን ደንበኛ ለሌላ ሰው መስጠት ከሥጋ ላይ ቆርጦ የመስጠት ያህል ከብዶኝ ነበር፤ ሆኖም ሁለታችንም ከተማውን አቋርጠን እየተላለፍን፣ እርሱ ወደ እኔ ሰፈር እኔ ወደ እርሱ ሰፈር ቤንዚን ስናቃጥል ኖረናል።

ስለ መኪናዋ ብዙ የምለው የለም። ባዶውን ተሸክማው የምትዞረውን ፖርቶመጋላ አወረድኩ፤ የጎማ ንፋስ በየሳምንቱ ጎሚስታ ጋ አስለካለሁ፤ ካንዴላና ካርቡራተር በጊዜው አስጸዳለሁ። ጥቅም አለው፤ ግን ከቀረ ጉዞ ጋር አይወዳደርም። ሞተር ሳይክልም አስቤ ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ወዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ መንዳት የተከለከለ ከመሆኑ ሌላ፣ ተቀጣጣይ የጋዝ ሲሊንደር በጀርባ ይዞ በትራፊክ መካከል መሽሎክሎክ ኅሊናዬ አልፈቀደውም። የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አሁን አቅሜ አይደርስም። ለምርመራ ብቻ ስሄድ ግን ትንሽ ቦርሳ ይዤ በታክሲ መሄድ ጀምሬያለሁ።

የመንገዱን ዋጋም በስልክ፣ ከመነሳቴ በፊት፣ ከሥራው ዋጋ ለይቼ እናገራለሁ። በሚያዝያ ቤንዚን 112 ብር ከ67 ሳንቲም ሲሆን ለኮዬ ፈጬ ደርሶ መልስ ከ620 ብር በላይ ወጣ፤ ስለዚህ ማክሰኞ ሦስት ቤት ስለሚካፈሉት ለእያንዳንዱ 220 ብር፣ በሌላ ቀን ለብቻ ለሚያስመጣኝ 650 ብር አልኩ። ፍሪጁ ውስጥ መድኃኒት ላለው ሰው በየትኛውም ቀን የማክሰኞው ዋጋ ነው። ይህን የመጨረሻውን ለማን ብዬ እንዳወጣሁት ግልጽ ነው።

በዚያው ሚያዝያ፣ በአንድ ማክሰኞ፣ ሥራዬን ጨርሼ የእማማን በር አንኳኳሁ። ስድስት መቶ ብሩን በእጄ ይዣለሁ። ሦስቱ ምልልስ የእኔ ጥፋት እንደነበረ፣ ገንዘቡን መቀበል እንዳልነበረብኝ ነገርኳቸው። አይሆንም፣ ተወው የሚሉኝ መስሎኝ ነበር፤ አላሉም። ተቀበሉኝ፤ ቆጠሩት፤ ወደ ጓዳ ገብተው አስቀምጠው ተመለሱ። ከዚያ ቡና እስኪፈላ እንድቀመጥ ነገሩኝ።

«አሁንስ እዚህ ድረስ ስንት ነው የምትለው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ደረጃው ላይ ልብስ ታሰጣ የነበረችውን ጎረቤታቸውን በስም ጠርተው፣ «ማሽንሽን የሚሠራው ሰውዬ ይኸው፤ ለመንገድ ሁለት መቶ ሃያ ነው፤ የሚመጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው» አሏት።