መክተፊያዬ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ

ከዚህ በፊት ሚስማር እንኳን ሳላጣምም መትቼ አላውቅም። ለጀማሪዎች የእንጨት ሥራ ትምህርት የተመዘገብኩት ቤት ያለው የፕላስቲክ መክተፊያ በቢላ ተቦጫጭሮ ስላስጠላኝ ነው። ሁለት ቅዳሜ ተምረሽ የራስሽን መክተፊያ ይዘሽ ትሄጃለሽ ተባልኩ። ጠፍጣፋ እንጨት አይደል፣ ምን ይከብዳል ብዬ ሄድኩ።

ነጣ ያለ ሜፕልና ጠቆር ያለ ዋልነት የሚባሉ እንጨቶች ሰጡን። ሜፕል ጠንካራ ነው፤ ቀዳዳዎቹም በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ስለሆኑ ውሃና ፍርፋሪ ቶሎ አይገባበትም። ዋልነቱ ግን የተጨመረው ለውበት ነው።

ለክቼ፣ በእርሳስ አስምሬ፣ መስመሩን ተከትዬ ልክክ አድርጌ ቆረጥኩ። ኮርቼ ስለካው ጎደለ! ለካስ መጋዝ ራሱ ውፍረት አለው። ያ ውፍረት ዱቄት ሆኖ ወለል ላይ ይቀራል። መቁረጥ ያለብኝ ከመስመሩ ውጪ፣ በሚጣለው በኩል ነበር። በዚያ ላይ መጋዙን እንደ ጠላት ነበር የያዝኩት። አስተማሪያችን ጠጋ ብለው «አትጫኚው ልጄ፣ እሱ ሥራውን ያውቃል» አሉኝ። እጄን ላላ ሳደርግ እውነትም ቀጥ ብሎ ሄደ።

ጉዱ የመጣው ቁራጮቹን በኮላ ስናጣብቅ ነው። ከመቀባታችን በፊት ቁራጮቹን ጎን ለጎን ደርድረን፣ በሁሉም ላይ የሚያልፍ አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን በእርሳስ እንድንስል ታዘዝን። የሕፃን ጨዋታ መስሎኝ ዘለልኩት። ኮላው ከተቀባ በኋላ ግን የትኛው ቁራጭ የት እንደነበር ጠፋኝ። ኮላ ደግሞ አይጠብቅም፤ በደቂቃዎች ውስጥ መያዝ ይጀምራል። ሦስት ማዕዘኑ ቢኖር ኖሮ አንድ ቁራጭ ሲገለበጥ ወዲያው ያስታውቅ ነበር።

ተደናግጬ እንደምንም ገጣጠምኩትና ሞርሳውን ባለ በሌለ ኃይሌ አጠበቅኩት። ኮላው በየመጋጠሚያው ግንፍል ብሎ ወጣ፣ ቁራጮቹም ተንሸራተቱ። አስተማሪያችን ሞርሳውን አላልተው፣ አስተካክለው፣ ቀስ እያሉ በየተራ አጠበቁት። የፈሰሰውን ኮላ እንደ ጎማ እስኪሆን ጠብቄ በመሮ እንድፍቀው ነገሩኝ። እኔ ግን ዘወር ሲሉ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። ንጹሕ ሆኖ ታየኝ።

በሁለተኛው ቅዳሜ መላጊያ ያዝን። እንጨት እንደ ድመት ጀርባ ነው፤ በአንድ በኩል ስትዳስሱት ይለሰልሳል፣ በሌላው ይቆጣል። በተቃራኒው ስገፋ ገጹን ቦጨቀብኝ። አዙሬ ስገፋ ቀጭን ጥቅልል እየተላጠ ወጣ። ያን ድምፅ ለመስማት ብቻ ደግሜ ብማር ደስ ይለኛል።

ብርጭቆ ወረቀቱ አሰልቺ ነው፤ አልዋሽም። ቁጥሩ ከፍ ሲል ወረቀቱ ይልማል፤ ከሻካራው 80 ተነስቶ በ120 እና በ180 በኩል 220 ይደረሳል። እኔ ከ80 በቀጥታ ወደ 220 ዘለልኩ። ጭረቱ ሁሉ እንዳለ ቀረና ተመልሼ ጀመርኩ። ቀጥሎ እንጨቱን በውሃ አርሰን አደረቅነው፤ የእንጨቱ ቃጫዎች ተነስተው እንደ ጢም ሻከሩ። ያን በ220 ደግመን አለሰለስነው። ይኼ ካልተደረገ መጀመሪያ ሲታጠብ ቤት ውስጥ ይሻክራል።

በመጨረሻ ለምግብ ዕቃ የሚሆን የማዕድን ዘይት ቀባን። የምግብ ዘይት ከጊዜ በኋላ ስለሚሸት አይሆንም። ዘይቱ ሲነካው የዋልነቱ ቀለም ድንገት ተገለጠ፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ አየኋት፦ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ነጭ ነጥብ። በጨርቅ የጠረግኩት ኮላ ወደ እንጨቱ ገብቶ ዘይቱን ከልክሎታል። አስተማሪያችን አዩዋት፣ አዩኝ፣ ምንም አላሉም።

ቤት ከገባሁ በኋላ አንድ ስህተት ጨመርኩ። አጥቤ በደረቱ አስተኛሁት። ከላይ ሲደርቅ ከታች እርጥብ ስለነበር ጠዋት ጎብጦ አገኘሁት። ገልብጬ ትቼው ቀስ በቀስ ተመለሰ። አሁን ሁለቱንም ፊት አጥቤ በጎኑ አቆመዋለሁ፤ ውሃ ውስጥም አልዘፈዝፈውም።

ነጥቧ አለች። በብርጭቆ ወረቀት ላጠፋት እችል ነበር፤ ሰነፍኩ። እንግዳ ሲመጣ ወደ ታች እገለብጣታለሁ።