የመግደላዊት አንድ ዓይን

አሜሪካ የሄድኩት አክስቴን ለመጠየቅ ነበር። ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖሩት። በሦስተኛው ቀን በሬድ ላይን ባቡር ጁዲሽየሪ ስኩዌር ወርጄ፣ በእግሬ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት የሚባለው የሥዕል ሙዚየም ገባሁ። መግቢያው ነፃ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ ማየት ቀረ። ሦስቱን ሳምንት እዚያው ስመላለስ ከረምኩ።

ያሰረችኝ አንዲት ሥዕል ናት። ዛሬ የፈረንሳይ ክፍል የሆነችው የሎሬን ሠዓሊ ጆርጅ ዴ ላ ቱር እ.ኤ.አ. ከ1635 እስከ 1640 ባለው ጊዜ ገደማ የሳላት ማርያም መግደላዊት። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አገጯን በእጇ ደግፋለች። ከፊቷ መጽሐፍ አለ፤ መጽሐፉ ላይ የሰው ራስ ቅል፤ ከዚያ ወዲያ ቅሉን መልሶ የሚያሳይ መስታወት። ሻማ በርቷል፣ ነበልባሉን ግን ራስ ቅሉ ከልሎታል። ጣቶቿ ቅሉን ነካ አድርገዋል፣ የተኛ ልጅ እንደሚነካ። ይህን የሳለ ሰው በ1652 ከሞተ በኋላ ለዘመናት ተረሳ። ሥራዎቹን ለይቶ ስሙን የመለሰለት አንድ ጀርመናዊ ምሁር ነው፣ በ1915። ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሥዕሏን እያየሁ ልገለብጣት ጀመርኩ፤ ሙዚየሙ ውስጥ በእርሳስ እነድፋለሁ፣ ማታ አክስቴ በረንዳ ላይ በዘይት ቀለም እሠራለሁ። መጀመሪያ ሸራውን በሙሉ ቡናማ ቀባሁት። ከዚያ ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ በጨርቅ ጠረግኩ። የታችኛው ቀለም እኛ አኳራጅ በምንለው ይቀጥናል፤ ወደ ላይ ሲኬድ ዘይቱ ይጨምራል። ከተገላበጠ ላይኛው ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ዘይቱ የተልባ ነው። አክስቴ ጠርሙሱን አሸተው፣ «የሁዳዴ ሽታ ነው» አሉ።

የከበደኝ እጅጌዋ ነው። ነጭ ስጨምርበት ኖራ መሰለ፤ ብርሃኑ ጠፋ። በማግስቱ ሄጄ አንድ ሰዓት ሙሉ እጅጌውን ብቻ አየሁት። ለካስ ነጭ አይደለም። ሞቅ ያለ፣ ወደ ማር የሚያደላ ቀለም ነው። የሚያበራው አጠገቡ ያለው ጨለማ ስለጠቆረ ነው። ቤት ተመልሼ ነጩን ፋቅኩትና ጨለማውን አጠቆርኩ። ያኔ እጅጌው በራ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አክስቴ ግን ሥዕሉን ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይቀየራል። አንድ ቀን አልቻሉም።

«ምነው ልጄ፣ በአንድ ዓይን ሳልካት? ምን በደለችህ?»

እውነታቸውን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው ይታያል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳም እንዲሁ። ደግሞ በእኛ ሥዕል ብርሃን ከአንድ ሻማ አይመጣም፤ ቅዱሱ ራሱ ብርሃን ነው፣ ፊቱ ላይ ጥላ አይወድቅም። ያደግኩት እሱን እያየሁ ሆኖ ሳለ ልብ ያልኩት እዚያ በረንዳ ላይ ነው። መልስ አልነበረኝም።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ይዣቸው ሄድኩ። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ፊት ለፊቷ ቆሙ። ብዙ ቆዩ።

«ሻማው የታለ?»

«ከራስ ቅሉ ጀርባ ነው፣ አክስቴ።»

ዘንበል ብለው ከጀርባው ሊያዩ ሞከሩ። ጥበቃው ፈገግ አለ።

«ፊቷን አዙራ አይደለማ» አሉ ቀስ ብለው። «ወደ መብራቱ እያየች ነው።»

አማተቡ። ባቡር ውስጥ ዝም ብለን ቆየንና ሲልቨር ስፕሪንግ ልንደርስ ስንል ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ።

«በል፣ ቤት ያለችውን ሳትሄድ ጨርሳት።»