ጣራዬ ሸበተ

እማዬ ሲያትል በገባች በሦስተኛው ቀን ግቢ ወጥታ ቀና አለችና «አንተ ልጅ፣ ቤትህ ሸብቷል እኮ!» አለችኝ። ስድስት ዓመት ስኖርበት ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። ለካ በሰሜን በኩል፣ ጥዱ ፀሐይ በሚከለክልበት ጎን፣ ጣራው አረንጓዴ ስጋጃ ለብሷል። ፈረንጆቹ «ሞስ» ይሉታል። እማዬ «የድንጋይ ሽበት ነው» ብላ ደመደመች።

ባለሙያ ጠርቼ ዋጋውን ሲነግረኝ «እኔስ እጅ የለኝም?» አልኩና መኪና የሚታጠብበትን ባለ ግፊት የውሃ ማሽን ተከራየሁ። መሰላሉ አናት ላይ ቆሜ ከታች ወደ ላይ ለቀቅኩበት። ሞሱ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይወድቃል፤ እንዴት ደስ ይላል! ደስታዬ አሸንዳው ውስጥ እስካይ ድረስ ነበር፤ ጥቁር ጤፍ የተሰፈረበት መስሏል።

ጎረቤቴ ሽማግሌው በአጥሩ ማዶ እጁን እያወናጨፈ «አቁም!» ይላል። ያ ጤፍ ለካ የጣራው ቆዳ ኖሯል፤ ጣራው የለበሰውን የሬንጅ ንጣፍ ከፀሐይ የሚከልለው የጠጠር ሽፋን። «ሞስ በለስላሳ ብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች ነው የሚጠረገው» አለኝ። አመሰግናለሁ ሳልል እማዬ ከውስጥ «ኧረ ቤቱ አፈሰሰ!» ብላ ጮኸች። ወደ ላይ የረጨሁት ውሃ በንጣፎቹ ሥር ሾልኮ መኝታ ቤቴ ገብቷል። ድስት ደቀንን።

ሽማግሌው አዘነልኝ መሰል፣ መድኃኒቱን ነገረኝ፦ ጣራው አናት ላይ የዚንክ ቆርቆሮ ይመታል፤ ዝናቡ ዚንኩን በጥቂት በጥቂቱ እያጠበ ሲያወርደው ሞሱ አይበቅልም። የአገራችን ቆርቆሮ የሚያብረቀርቀው እኮ በዚንክ ተለብጦ ነው! ከቆርቆሮ ቤት ወጥቼ፣ አሜሪካ ድረስ መጥቼ፣ በብድር ቤት ገዝቼ፣ ቆርቆሮ ፍለጋ ልወጣ ነው።

በስብሼ ወደ ሳሎን ስገባ ቡናው ይሸታል። ረከቦቱ ሥር አረንጓዴ ነገር ተጎዝጉዟል።

«እማዬ፣ ቄጠማ ከየት አመጣሽ?»

«አንተ ስትጥለው ለቀምኩት። እንዴት ያለ ለስላሳ ነው በማርያም!»

ቡና የተጠሩት ሴቶች ገቡና ጉዝጓዙን አደነቁ። አንዷ ዳሰስ አድርጋ «እማማ፣ ከየትኛው ሱቅ ነው የገዙት?» አለች።

እማዬ ሲኒውን እያቀበለች «ከላይ የተሰጠን ነው» አለቻት።